ከለንደን ፓሪስ፦ የ1 ሰዓቱ በረራ 6 ሰዓት የሚፈጀው ለምንድን ነው?

በ344 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አውሮፕላንና ባቡር ያካሄዱት የገበያ ትግል
(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት የተነገረው ለጓዳ ቢሆንም፣ በአውሮፓ ሁለት ታላላቅ የገንዘብ ከተሞች መካከል ለሚመላለሰው ነጋዴም ይሠራል። ከለንደን መሀል እስከ ፓሪስ መሀል ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ 344 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ በመኪና ከሚኬደው መንገድ ጋር የተቀራረበ ነው ማለት ይቻላል። አንድ የመንገደኛ ጄት ከፍታውን ይዞ ሲበር በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 344ን ለ800 ያካፈለ ሰው ጉዞው ግማሽ ሰዓት እንኳ እንደማይሞላ ይደርስበታል።

ቲኬቱ ግን ሌላ ይላል። በአየር መንገዶች የጊዜ ሰሌዳ ላይ ከለንደን ሂትሮው እስከ ፓሪስ ሻርል ደጎል የሚሰጠው ጊዜ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከቢሮው ተነስቶ ፓሪስ ካለው ደንበኛው ቢሮ እስኪገባ ሰዓቱን የሚቆጥር ነጋዴ ደግሞ ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ እንዳለፈው ይገነዘባል። በግማሽ ሰዓትና በ6 ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ተራ የተጓዥ ምሬት ብቻ አይደለም። በዚህ ልዩነት ላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ፈስሷል፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ከስረውበታል፤ በዓለም ላይ እጅግ ከሚበዛባቸው ዓለም አቀፍ የአየር መስመሮች አንዱ የነበረውም በባቡር ተበልጧል።

ርቀቱ ስንት ነው?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ አንድ አይደለም። በቀጥታ መስመር ከመሀል ከተማ መሀል ከተማ 344 ኪሎ ሜትር፣ ከሂትሮው እስከ ሻርል ደጎል አውሮፕላን ማረፊያ 348 ኪሎ ሜትር፣ በባቡር ሐዲድ ደግሞ 492 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ ከአውሮፕላኑ ይልቅ 144 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። ርቀት ብቻ ዋጋ ቢኖረው ኖሮ ባቡሩ ገና ከመነሻው የተሸነፈ ይሆን ነበር።

አውሮፕላኑም ቢሆን በተሰመረለት ቀጥታ መስመር አይበርም። ከመንደርደሪያው ነፋሱን ፊት ለፊት እየገጠመ ይነሳል፤ ከዚያም በተወሰነለት የአየር ጎዳና ይሄዳል፤ መድረሻው ሲቀርብ ተራውን ይጠብቃል። በዚህ አጭር ጉዞ ላይ አብዛኛው የበረራ ጊዜ የሚያልፈው ሲወጣና ሲወርድ ስለሆነ፣ በሙሉ ፍጥነቱ የሚበርባቸው ደቂቃዎች ጥቂት ናቸው። በአየር ላይ የሚቆየው ከ1 ሰዓት ያነሰ ቢሆንም፣ አየር መንገዶች በሰሌዳቸው የሚያሰፍሩት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ጊዜ ነው። በምድር ላይ መንከላወስና ወረፋ መጠበቅ በዚህ ውስጥ ይገባል። ሂትሮው 2 መንደርደሪያ ብቻ ይዞ በዓመት እስከ 480,000 መነሻና ማረፊያ የሚያስተናግድ በመሆኑ ወረፋው የተለመደ ነው።

ስለዚህ 348 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የሚሄደው ጄት አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 261 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። 492 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ገደማ የሚጨርሰው ባቡር ደግሞ በአማካይ 215 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አየርና ምድር ያን ያህል አልተራራቁም።

በድጎማ የተወለደ መስመር

የለንደንና የፓሪስ የአየር መስመር የመንገደኛ አቪዬሽን ንግድ የተጀመረበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሉዊ ብሌርዮ የተባለው ፈረንሳዊ በጁላይ 25 ቀን 1909 በመካከል ያለውን ጠባብ ባህር በ37 ደቂቃ ገደማ በአውሮፕላን ተሻግሮ የዴይሊ ሜይልን ጋዜጣ 1,000 ፓውንድ ሽልማት ወሰደ። ከ10 ዓመት በኋላ በኦገስት 25 ቀን 1919 አንድ የብሪታንያ ኩባንያ በሁለቱ ከተሞች መካከል በየቀኑ የሚደረግ መደበኛ በረራ ጀመረ። የመጀመሪያው አውሮፕላን የጫነው አንድ መንገደኛ፣ ጋዜጦች፣ የታረዱ የዱር ወፎችና የወተት ቅባት ነበር። በረራው 2 ሰዓት ተኩል ያህል ፈጅቷል። የአንድ ጉዞ ዋጋ 21 ፓውንድ ሲሆን ይህም በዚያ ዘመን የአንድ ሠራተኛ የብዙ ሳምንት ደመወዝ ነበር።

ኩባንያው 2 ዓመት እንኳ አልቆየም። ምክንያቱ የአውሮፕላን ብልሽት አልነበረም። የፈረንሳይ መንግሥት ለራሱ አየር መንገዶች ድጎማ ሲሰጥ የብሪታንያ መንግሥት «አውሮፕላን በራሱ ክንፍ ይብረር» የሚል አቋም ስለያዘ ነው። ፈረንሳዮቹ ዋጋ ቀነሱ፤ እንግሊዞቹ ከሰሩ። በፌብሩዋሪ 1921 መጨረሻ የብሪታንያ አየር መንገዶች በሙሉ በረራቸውን አቆሙ። መንግሥት በሚቀጥለው ወር ጊዜያዊ ድጎማ ለመስጠት ተገደደ። በ1924 ደግሞ አነስተኛ ኩባንያዎች ተዋህደው በመንግሥት የሚደጎመው ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ተቋቋመ። ነፃ ገበያ ብቻውን ይህን መስመር እንዳላቆመው ታሪኩ ያስረዳል።

ደህንነቱም በዚሁ መስመር ላይ በደም የተገዛ ነው። በኤፕሪል 7 ቀን 1922 አንዱ ወደ ፓሪስ ሌላው ወደ ለንደን የሚበሩ ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች በፈረንሳይ ፒካርዲ ግዛት ሰማይ ላይ በጭጋግ ውስጥ ተጋጭተው 7 ሰዎች ሞቱ። የመንገደኛ አውሮፕላኖች በአየር ላይ ሲጋጩ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የአየር ጎዳናና የትራፊክ ደንብ እየጠነከረ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ አብራሪዎች በጭንቅ ጊዜ የሚጣሩበት «ሜይዴይ» የሚለው ቃልም የተፈለሰፈው በ1920ዎቹ በለንደኑ ክሮይደን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አብዛኛው ትራፊክ ከፓሪስ ጋር ስለነበር «እርዱኝ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አነጋገር ተወሰደ።

ባቡርና መርከብም ዝም ብለው አላዩም። በ1929 በብሪታንያ በኩል የተጀመረው «ወርቃማው ቀስት» የተባለው የቅንጦት ባቡር መንገደኛውን በመርከብ አሻግሮ ለንደንና ፓሪስን በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ያገናኝ ነበር። ከ1936 እስከ 1980 ደግሞ የመኝታ ፉርጎዎችን ከነተኚዎቻቸው መርከብ ላይ እየጫነ የሚያሻግር የሌሊት ባቡር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጄት ሲመጣ ግን እነዚህ ሁሉ ተራ በተራ ከገበያ ወጡ። አየር መንገዶች መስመሩን ለራሳቸው ያዙት።

ሀብት የቀበረው ዋሻ

በፌብሩዋሪ 1986 የብሪታንያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርና የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ፍራንስዋ ሚተራን የወከሏቸው መንግሥታት በካንተርበሪ ከተማ ከባህሩ ወለል በታች የባቡር ዋሻ ለመቆፈር ተዋዋሉ። ወይዘሮ ታቸር አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው፤ ከመንግሥት ካዝና አንድ ሳንቲም እንዳይወጣ። ሥራው ለግል ኩባንያ፣ ለዩሮተነል ተሰጠ። ኩባንያው ባንኮችን አሰልፎ ተበደረ፤ በኖቬምበር 1987ም አክሲዮኑን በለንደንና በፓሪስ ገበያ በ3 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ሸጠ። በ1989 ዋጋው ከ11 ፓውንድ በላይ ደርሶ ነበር። በተለይ በፈረንሳይ መምህሩም ጡረተኛውም ባለሱቁም ገዛ።

ቁፋሮው የምህንድስና ገድል መሆኑን ማንም አይክድም። በዲሴምበር 1 ቀን 1990 ከሁለቱ አገሮች የመጡት ቆፋሪዎች ከባህር በታች ተገናኙ። ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ከግማሽ የሆነው ዋሻ 38 ኪሎ ሜትሩ ከባህር ወለል በታች ነው። 10 ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሜይ 6 ቀን 1994 ንግሥት ኤልሳቤጥና ፕሬዝዳንት ሚተራን መርቀው ከፈቱት።

ወጪው ግን ከታቀደው 80 በመቶ በልጦ በ1985 ዋጋ ሲሰላ 4 ቢሊዮን 650 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቻል ነበር። ከወጪው የባሰው የገበያ ግምቱ ነው። የዋሻው አጥኚዎች በመጀመሪያው ዓመት 15 ሚሊዮን 900 ሺህ መንገደኛ በባቡር ይሻገራል ብለው ነበር። በ1995 የተሻገረው 2 ሚሊዮን 900 ሺህ ብቻ ነው። በ2000 እንኳ 7 ሚሊዮን 100 ሺህ ነበር። አጥኚዎቹ ያልቆጠሩት ነገር መርከቦችና አየር መንገዶች ዝም ብለው እንደማይጠብቁ ነው። የመርከብ ኩባንያዎች እስከ 1999 አጋማሽ ድረስ ከቀረጥ ነፃ በሚሸጡት መጠጥና ሲጋራ ትርፍ የቲኬታቸውን ዋጋ ዝቅ አድርገው ያዙ። የአውሮፓ የአየር ገበያም ከ1993 ጀምሮ ለውድድር ክፍት ስለሆነ ርካሽ አየር መንገዶች እንደ አሸን ፈሉ።

ዩሮተነል በሴፕቴምበር 1995 የዕዳውን ወለድ መክፈል አቆመ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የድርድርና የስብሰባ ታሪክ ነው። በ2004 የተቆጡ ጥቃቅን ባለአክሲዮኖች የዳይሬክተሮችን ቦርድ በድምፅ ብልጫ አባረሩ። በ2006 ኩባንያው የፓሪስ የንግድ ፍርድ ቤት ከአበዳሪዎች እንዲከልለው ጠየቀ። በ2007 ዕዳው ከ6 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ከነበረው ወደ 3 ቢሊዮን በታች ሲወርድ፣ በምትኩ የኩባንያው አብዛኛው ድርሻ ወደ አበዳሪዎች ተላለፈ። ኩባንያው ለመጀመሪያ ጊዜ የትርፍ ድርሻ የከፈለው በ2009፣ አክሲዮን ከሸጠ ከ21 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከ2017 ጀምሮ ስሙ ጌትሊንክ ሲሆን ዛሬ ትርፋማ ነው። ይህ ግን ለ1987ቱ ጡረተኛ የሚያጽናናው አልሆነም።

ሚዛኑ የተገለበጠው በ45 ደቂቃ ነው

ዩሮስታር የተባለው ፈጣን ባቡር በኖቬምበር 14 ቀን 1994 ሥራ ሲጀምር ለንደንና ፓሪስን በ3 ሰዓት ገደማ ያገናኝ ነበር። ነገሩ አስቂኝ ገጽታ ነበረው። ባቡሩ በፈረንሳይ በኩል በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ዋሻውን አልፎ እንግሊዝ ሲገባ ግን በድሮው ሐዲድ ላይ ከከተማ ዳር ባቡሮች ጀርባ እየተንፏቀቀ ለንደን ይደርሳል። ፈረንሳዮች አዲሱን ሐዲዳቸውን ዋሻው ከመከፈቱ በፊት በ1993 ሲጨርሱ፣ እንግሊዞች በክርክር 10 ዓመት አሳልፈዋል።

የእንግሊዙ ፈጣን ሐዲድ የመጀመሪያው ክፍል በ2003፣ ሁለተኛው ደግሞ በኖቬምበር 14 ቀን 2007 ተከፈተ። ጉዞው መጀመሪያ ወደ 2 ሰዓት ከ35፣ በኋላም ወደ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ገደማ ወረደ። ሐዲዱ 108 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ወደ 5 ቢሊዮን 800 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል። ለ45 ደቂቃ ይህን ያህል ገንዘብ? ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ አይፈረድበትም። መልሱ ያለው በገበያ ድርሻው ላይ ነው። የመጓጓዣ ዘርፍ ሰዎች በልምድ እንደሚያውቁት ባቡር 4 ሰዓት ሲፈጅ አውሮፕላን ያሸንፋል፤ 3 ሰዓት ሲሆን ይተናነቃሉ፤ ወደ 2 ሰዓት ሲቀርብ ባቡሩ ገበያውን ጠቅልሎ ይወስዳል። በለንደንና በፓሪስ መካከልም የሆነው ይኸው ነው። ዩሮስታር ከሁለቱ ከተሞች የአየርና የባቡር መንገደኞች ከ3 ሁለት እጅ በላይ ሲይዝ፣ አየር መንገዶች በረራቸውን እየቀነሱ ሄዱ። በ2019 ዩሮስታር በመስመሮቹ ሁሉ ወደ 11 ሚሊዮን መንገደኛ አመላልሷል።

ከቢሮ እስከ ቢሮ ሲሰላ

ይህን በአንድ ቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። በለንደን ሲቲ፣ ማለትም በባንኮች ሰፈር፣ ቢሮ ያለው አንድ ደላላ ፓሪስ መሀል ደንበኛ አለው እንበል። ግምቱ እንደሚከተለው ነው።

በአውሮፕላን፦ እስከ ሂትሮው 60 ደቂቃ፤ ለጓዝና ለፍተሻ ቀድሞ መድረስ 120 ደቂቃ፤ በረራ 80 ደቂቃ፤ መውረድና የፓስፖርት ወረፋ 40 ደቂቃ፤ ከሻርል ደጎል እስከ መሀል ከተማ 50 ደቂቃ። ድምሩ 350 ደቂቃ ወይም 5 ሰዓት ከ50።

በባቡር፦ እስከ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ 20 ደቂቃ፤ ቀድሞ መድረስ 75 ደቂቃ፤ ጉዞ 137 ደቂቃ፤ ከጋር ዱ ኖር ጣቢያ እስከ ቢሮ 20 ደቂቃ። ድምሩ 252 ደቂቃ ወይም 4 ሰዓት ከ12።

በዚህ ስሌት የአውሮፕላኑ መንገደኛ 344 ኪሎ ሜትሩን የተጓዘው በሰዓት በአማካይ 59 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ የጭነት መኪና ፍጥነት ነው። የፓስፖርት ፍተሻውም በባቡሩ በኩል የሚያልቀው ከመሳፈር በፊት ነው። የሁለቱ አገሮች ሹሞች በአንድ ጣቢያ ውስጥ ተቀምጠው ስለሚሠሩ ፓሪስ የደረሰ መንገደኛ ከባቡሩ ወርዶ በቀጥታ ወደ ጎዳናው ይወጣል።

በኢኮኖሚክስ የዕድል ዋጋ የሚባል ነገር አለ። አንድን ነገር ለማግኘት ሲባል የሚቀር ሌላ ጥቅም ማለት ነው። ደላላው አንድ የሥራ ሰዓቱን በ40 ፓውንድ ቢተምነው፣ በባቡር የሚያተርፈው 98 ደቂቃ ወደ 65 ፓውንድ ይሆናል፤ ደርሶ መልስ 130 ፓውንድ። ስለዚህ የባቡሩ ቲኬት እስከ 130 ፓውንድ ድረስ ቢወደድ እንኳ ለእርሱ ርካሽ ነው። ዩሮስታር ይህን አሳምሮ ያውቃል። ለሥራ በሚቸኩለው ነጋዴ ላይ የቲኬቱ ዋጋ የሚከብደውና ወር ቀድሞ ለሚቆርጠው ሽርሽረኛ የሚቀለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ምዕራብ ለንደን ሂትሮው አጠገብ የሚኖር ሰው በ20 ደቂቃ አውሮፕላን ማረፊያው ይደርሳል። ትንሽ ጓዝ ይዞ 90 ደቂቃ ብቻ ቀድሞ ቢገኝ ጠቅላላ ጉዞው 280 ደቂቃ ይሆናል። ይኸው ሰው በባቡር ቢሄድ ጣቢያው ለመድረስ ብቻ 50 ደቂቃ ስለሚፈጅበት 282 ደቂቃ ይሆንበታል። ልዩነት የለም። ጉዳዩ ደግሞ ፓሪስ መሀል ሳይሆን ከሻርል ደጎል አጠገብ ባለው የቪልፓንት ኤግዚቢሽን ማዕከል ከሆነ አውሮፕላኑ በግልጽ ያሸንፋል። ሲያል የተባለው የምግብና የመጠጥ የንግድ ትርዒት በ2 ዓመት አንዴ የሚካሄደው እዚያ ነው።

ታዲያ አየር መንገዶች ለምን አልወጡም?

ባቡሩ ይህን ያህል ከበለጠ በሁለቱ ከተሞች መካከል ዛሬም አውሮፕላን የሚበረው ለምንድን ነው? መልሱ በአውሮፕላኑ ውስጥ ካሉት መንገደኞች ብዙዎቹ ጉዟቸው ከለንደን ፓሪስ ባለመሆኑ ነው። ከፓሪስ ተነስቶ በለንደን በኩል ኒው ዮርክ የሚሄድ አለ፤ ከለንደን ተነስቶ በፓሪስ በኩል ወደ አፍሪካ የሚያልፍም አለ። አጭሩ በረራ ለብቻው ባያተርፍም ረጅሙን በረራ ይመግበዋል። ገባር ወንዝ እንደማለት ነው።

በሌላ በኩል በሂትሮው የመነሻና የማረፊያ ሰዓት ራሱ ንብረት ነው። በ2016 የኦማን አየር መንገድ ለአንድ ጥንድ ሰዓት 75 ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለ ተዘግቧል። ይህን ያህል የሚያወጣ ሰዓት የያዘ አየር መንገድ በ1 ሰዓት በረራ ላይ ያባክነዋል ወይስ አትላንቲክን በሚያቋርጥ በረራ ላይ ያውለዋል? ሰዓቱን ሥራ ካላሠራበት ደግሞ ሊነጠቅ ይችላል። አየር መንገዶች አንዳንዴ አጭሩን በረራ የሚያቆዩት ሰዓቱን ለማስከበር ጭምር ነው።

በፈረንሳይ በኩል ፖለቲካውም ገብቶበታል። ከሜይ 2023 ጀምሮ በባቡር ከ2 ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ የሚደረስባቸው አንዳንድ የአገር ውስጥ በረራዎች በሕግ ታግደዋል። ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ሊዮን፣ ናንትና ቦርዶ የነበሩት ቀርተዋል። ሕጉ የአገር ውስጥ ስለሆነ የለንደኑን መስመር አይነካም።

የዩሮስታርም ድል ያለ ሥጋት አይደለም። በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት ባቡሮቹ ባዶ ሲሄዱ ኩባንያው በሜይ 2021 በተደረሰ የ250 ሚሊዮን ፓውንድ ስምምነት ነው የተረፈው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ የፓስፖርት ምርመራው ጊዜ ይወስዳል። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮም የኅብረቱ አገሮች የውጭ ዜጎችን የጣት አሻራና ፎቶግራፍ የሚመዘግብ አዲስ አሠራር ጀምረዋል። ባቡሩ ያተረፈውን ደቂቃ ወረፋው መልሶ እየበላው ነው። ከ1994 ወዲህ ያለተቀናቃኝ የቆየው ኩባንያ ተወዳዳሪም እየመጣበት ነው። የጀርመን ምድር ባቡር በ2010 ባቡሩን ለንደን ድረስ አምጥቶ ቢያሳይም አልገፋበትም። በኦክቶበር 2025 ግን የብሪታንያ የባቡር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቨርጂን የባቡሮች ማደሪያና መጠገኛ ጋራዡን እንዲጠቀም ፈቅዷል። ቨርጂን በ2030 ሥራ ለመጀመር አቅዷል።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳው

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ለንደንም ወደ ፓሪስም ይበራል። በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ከተማ ማዳረስ ለሚፈልግ ነጋዴ ሦስት ነገሮች ገንዘብ ያድናሉ።

አንደኛው ቪዛ ነው። ፈረንሳይ የሸንገን አገር ናት፤ ብሪታንያ አይደለችም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ለሁለቱም ለየብቻ ቪዛ ያስፈልገዋል። በ344 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት ቪዛ፣ ሁለት ክፍያ፣ ሁለት ቀጠሮ አለ። ከፓሪስ ተመልሶ ለንደን የሚገባ ከሆነም የብሪታንያው ቪዛ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል። በአንዱ ከተማ ገብቶ በሌላው መውጣት ግን ይህን ምልልስ ያስቀራል።

ሁለተኛው የአውሮፕላን ማረፊያው ስም ነው። ርካሽ ቲኬት ላይ «ፓሪስ» ተብሎ የተጻፈው ቦቬ ሊሆን ይችላል። ቦቬ ከፓሪስ በስተሰሜን 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አውቶቡሱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። በለንደን በኩልም ሉተንና ስታንስተድ ከመሀል ከተማ ሩቅ ናቸው። በቲኬቱ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ በአውቶቡስና በሻንጣ ክፍያ ተመልሶ ይሄዳል።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ፓሪስ ከለንደን በ1 ሰዓት ይቀድማል። ከለንደን ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተነሳ አውሮፕላን ፓሪስ የሚደርሰው በፓሪስ ሰዓት 4 ሰዓት ከ20 ነው። ከፓሪስ በ2 ሰዓት የተነሳው ግን ለንደን የሚደርሰው በለንደን ሰዓት 2 ሰዓት ከ20 ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው በሄደበት ቀን ቀጠሮ ያሳልፋል፤ በመለሰበት ቀን ደግሞ አውሮፕላኑ በ20 ደቂቃ ደረሰ ብሎ ያወራል።

ማን አተረፈ?

የለንደንና የፓሪስ ሂሳብ በስተመጨረሻ ሲዘጋ በትርፍ በኩል የሚገኙት መንገደኞች፣ ሥራ ተቋራጮች፣ አበዳሪ ባንኮችና በሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ዙሪያ የነበረውን የተጎሳቆለ የመጋዘን ሰፈር ቀድመው የያዙ ባለይዞታዎች ናቸው። የብሪታንያ መንግሥት በ2010 የፈጣን ሐዲዱን የ30 ዓመት የመጠቀም መብት በ2 ቢሊዮን 100 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ የገዙት የካናዳ የጡረታ ፈንዶች ናቸው። ሐዲዱን ለመሥራት ከወጣው ከግማሽ በታች መሆኑ ነው። በ2015 ደግሞ በዩሮስታር የነበረውን 40 በመቶ ድርሻ በ585 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጧል። በኪሳራ በኩል ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የዩሮተነል ባለአክሲዮኖችና ሐዲዱን ያስገነባው ግብር ከፋይ ይገኛሉ።

ለባለሀብት ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ዋሻው መጥፎ ነበር የሚል አይደለም። ዋሻው ጥሩ ነበር፤ አስፈላጊም ነበር። መጥፎው ነገር አክሲዮኑ የተሸጠበት ጥናት የራሱን ፍጥነት ቆጥሮ የተወዳዳሪውን ምላሽ አለመቁጠሩ ነው። ሁለተኛው ስህተት ደግሞ የመንገዱን ግማሽ ብቻ ፈጣን አድርጎ ሙሉውን ገበያ መጠበቁ ነው። በፈረንሳይ በኩል የተገኘው 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ በእንግሊዝ በኩል ያለው አሮጌ ሐዲድ እስኪቀየር ድረስ 13 ዓመት ሙሉ የሚገባውን ትርፍ አላመጣም።

ደንበኛ የሚገዛው ኪሎ ሜትርም ፍጥነትም አይደለም። የሚገዛው ከደጃፉ ተነስቶ ጉዳዩ ዘንድ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ የለካ ዋጋውን ያውቃል፤ መሀሉን ብቻ የለካ ግን የሌላውን ሰው ትርፍ ሲከፍል ይኖራል።